ፉጨቱ የመንግሥት ከሆነ በኋላ

በአንበሳው ግዛት እያንዳንዱ መንጋ የታወቀ ቦታ ነበረው። ጎሾች ወንዙን፣ የሜዳ አህዮችና ቆርኬዎች ሰፊውን ሜዳ፣ ሚዳቋዎች ከሜዳው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ይዘው ይኖሩ ነበር። ገደሉ የሽኮኮዎች ነበር። ገደሉን የሰጣቸው ማንም የለም፤ ሌላ የሚፈልገው ስላልነበረ የእነሱ ሆኖ ቀረ። በቁጥርም በቁመትም ትንሽ በመሆናቸው ሸንጎ ሲሰየም የመንጋዎች ስም ይጠራና እነሱ «እና ሌሎች» በሚለው ውስጥ ይጠቃለሉ ነበር።

በአንድ የድርቅ ዓመት ሽኮኮ፣ ጃርትና ፍልፈል ተያይዘው ወደ አንበሳው ደጅ ወረዱና ጨው አጣን፣ ውሃ አጣን ብለው አለቀሱ። አንበሳው በጥሞና አዳመጣቸው፤ እንባ አቅርሮ ነበር የሚሉም አሉ። ከዚያም ጨውና ውሃ ለጠየቁት ጽሕፈት ቤት ሰጣቸው። ስሙም «የአናሳ መንጋዎች መደገፊያ ጽሕፈት ቤት» ተባለ። ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ቀበሮ ነበር። ስለ አናሳ መንጋዎች ከቀበሮ የበለጠ የሚያውቅ የለም ተባለ፤ ይህ እንኳ ሐሰት አይደለም፤ ብዙዎቹን በልቷል። ከተሾመ ወዲህ ግን በአደባባይ ሲበላ የታየበት ቀን የለም።

አንጓች የሽኮኮዎች ዋና ጠባቂ ነበረች። ሥራዋ ከገደሉ አናት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይን ማየት ነው። ሌላው ፍጥረት ፀሐይን ትክ ብሎ ቢያይ ዓይኑ ይጨልማል፤ ሽኮኮ ግን ማየት ይችላል። ንስር ሁልጊዜ የሚመጣው ከፀሐይዋ ውስጥ ስለሆነ፣ አንጓች ጥላው መሬት ሳይነካ በፊት አይታው ታፏጫለች። የሽኮኮ ንግግር ከገደሉ ግማሽ እንኳ አይወርድም፤ ፉጨቱ ግን ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል። ከገደሉ ሥር የሚግጡት ሚዳቋዎች ሳይቀሩ ያቺን ፉጨት ሲሰሙ ግልገሎቻቸውን ወደ ቁጥቋጦ ያስገቡ ነበር።

የሽኮኮ ሕግ አጭር ነው። ጠባቂ ንስር ካላየች አታፏጭም፤ ለልጅ ማባበያም ቢሆን፣ ለሠርግም ቢሆን። ፉጨቱን የሰማ ደግሞ ቀና ብሎ አያይም፤ ወደ ስንጥቁ ይሮጣል። ቀና ብሎ ያየ ሽኮኮ ጠባቂዋን እንዳላመነ ይቆጠርበታል፤ ያውም ለመቆጠር ዕድሜ ካገኘ ነው።

አንጓች ከተፈጥሮዋ ረፍት የላትም። ተራዋን ጨርሳ ከድንጋዩ ከወረደች በኋላ እንኳ ስትበላ አንገቷ ወደ ላይ ነው። ታናሽ እኅቷ ማንጠግቦሽ «እትዬ፣ ቅጠሉ እኮ ያለው ታች ነው» እያለች ትስቅባታለች። ማንጠግቦሽ ሳቂታ ናት፤ ለሁሉም ነገር ቀድማ እሺ ትላለች፤ ክፉ ነገር ወደሷ የሚመጣ አይመስላትም። አንጓች ፀሐይ ላይ የምታፈጠው ለመንጋው ሁሉ ነው ቢባልም፣ ልቧ የሚያስበው ያቺን አንዷን ነበር።

የዝናቡ ወቅት እንዳለፈ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጦጢት ገደሉን ወጥታ መጣች። ሽኮኮዎቹን ሰበሰበችና ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«የንጉሣችን የዘውድ በዓል ደርሷል» አለች። «ዘንድሮ አናሳ መንጋዎች በሙሉ ባህላቸውን በሜዳው ላይ ያሳያሉ። የተሳተፈ መንጋ ጨው ይሰፈርለታል። እና የእናንተ ባህል ምንድን ነው?»

ሽኮኮዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም።

«ፀሐይ እንሞቃለን» አለ አንዱ።

«እሱ ባህል አይደለም፣ ስንፍና ነው» አለች ጦጢት በትሕትና። «ጭፈራ የላችሁም? ጃርቶች እሾኻቸውን እያንቀጫቀጩ ይዘፍናሉ። ፍልፈሎች እንኳ አፈር ወደ ላይ ይበትናሉ፤ በጣም ያምራል።»

«ፉጨት አለን» አለች ማንጠግቦሽ።

የጦጢት ዓይን በራ። የሽኮኮዎቹ ሽማግሌ አባ ወንድይፍራው ግን ከተቀመጡበት እያቃሰቱ ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ፉጨቱ ጌጥ አይደለም» አሉ። «እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ በሕይወት ያላችሁት በሱ ነው። ንስር ሳይኖር የተፏጨ እንደሆነ፣ ንስር ሲመጣ ማን ይሰማዋል? እኔ አሳዩ አልልም። ሌላ ነገር እንፈልግላቸው።»

«አባ፣ ሌላ ምን አለን?» አለች ማንጠግቦሽ። ለወትሮው የሚስቀው ፊቷ አሁን ጠቁሯል። «የሚያጠቡት እናቶች ድንጋይ እየላሱ ነው። ጥርሳቸው አለቀ፤ ወተታቸው ነጠፈ። የኔ ልጅ ባለፈው ወር ለምን እንደሞተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንስር አይደለም የወሰደው። አንዴ አፏጭተን ጨው የምናገኝ ከሆነ፣ አባቶቻችን የሚቆጡ አይመስለኝም።»

 ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ወደ አንጓች አዞረ፤ ፉጨቱ ያለው በሷ አፍ ነውና። አንጓች የእኅቷን ፊት አየች። እንቢ ብትል ትክክል እንደሆነች ታውቃለች፤ እንቢ ለማለት ግን አንጀቷ አልጨከነም። «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። ይህን ካለች ጀምሮ እንቅልፏ ጠፋ።

የመጀመሪያው ልምምድ በሜዳው ላይ ተደረገ። ጽሕፈት ቤቱ ለመጠለያ እንዲሆናቸው ከገደሉ ሥር ድንጋይ አስከምሮ ነበር። ቀበሮ ራሱ ሊያይ መጣ። ሽኮኮዎቹ ተደረደሩ፤ ጦጢት ምልክት ሰጠች፤ አንጓች ዓይኗን ጨፍና አፏጨች። ዓይኗን ስትገልጥ ሜዳው ላይ የነበሩት ቀበሮና ጦጢት ብቻ ነበሩ። ከድንጋዩ ክምር ውስጥ የብዙ ልብ ምት ይሰማል።

«የት ሄዱ?» አለ ቀበሮ።

«ሸሹ፣ ክቡር ኃላፊ» አለች ጦጢት። «ፉጨቱን ሲሰሙ ይሸሻሉ። ያው ባህላቸው ነው።»

«ሽሽት እንዴት በዘውድ በዓል ላይ ይታያል? እንግዶቹ፣ ንጉሡ ሲመጡ ሕዝቡ ሸሸ አይሉም?» ቀበሮ ጥቂት አሰበና ፊቱ ፈካ። «ባህሉ ጥሩ ነው። የሚያበላሸው መጨረሻው ነው። መጨረሻውን እናሻሽለዋለን።»

ከዚያ ሥልጠናው ተጀመረ። ፉጨቱ ሲሰማ የሮጠ ጨው የለውም። የቆመ ይልሳል። ቆሞ ጥርሱን ያሳየ አብልጦ ይልሳል። ለሽኮኮ እግር ይህ ቀላል አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ ቆመው የሚንቀጠቀጡ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ቆመው ሽንታቸው ያመልጣቸው ነበር። ጨው ግን ትልቅ አስተማሪ ነው። የእናቶቹ ወተት ተመለሰ፤ እግሮችም ቀስ በቀስ ጸኑ። ከሁሉ ቀድማ ያለ መንቀጥቀጥ የቆመችው ማንጠግቦሽ ስለነበረች የፊት መስመር መሪ ተደረገች።

አንጓች በያንዳንዱ ልምምድ አንድ ነገር ከውስጧ የሚነቀል ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ወደ ቀበሮ ሄደች።

«ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኔ ሌላ ፉጨት ላውጣ። ከዚህኛው የሚያምር። እሱን ለበዓሉ እናድርገው፤ ይህኛው ለገደሉ ይቅር።»

«እስቲ ያሰሙን» አለ ቀበሮ።

አንጓች ቀጭንና ዜማ ያለው ፉጨት አፏጨች። ጦጢት ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ የተሠራ ነው። ልብ አይነካም። ያኛው ሲሰማ ጀርባዬን ይወረኛል።»

«አዩ ወይዘሮ አንጓች» አለ ቀበሮ፤ ድምፁ እውነትም ርኅራኄ ነበረበት። «ጽሕፈት ቤታችን የቆመው የእናንተን እውነተኛውን ለመጠበቅ ነው። የውሸቱን እንዴት ለንጉሥ እናቀርባለን?»

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው በመንጋ ተሞላ። ጃርቶች ዘፈኑ፤ ፍልፈሎች አፈር በተኑ፤ አንበሳው ከጉብታው ላይ ሆኖ ለሁሉም እኩል ራሱን ነቀነቀ። አንጓች ከመድረኩ ድንጋይ ላይ ወጥታ በንጉሡ ቀኝ የተቀመጠውን እንግዳ አየች። ንስር ነበር። ላባው ተስተካክሎ፣ ጥፍሩን በሣር ሸፍኖ ተቀምጧል።

«ክቡር ኃላፊ፣ እዚያ የተቀመጠው…» አለች ወደ ቀበሮ ዞራ።

«የሰማይ መንግሥት የክብር እንግዳ ናቸው» አለ ቀበሮ በሹክሹክታ። «ውል አለን። ስለ ባህላችሁ ሰምተው በጣም ጓጉተው ነው የመጡት። በሉ ይጀምሩ፤ ንጉሡን አናስጠብቅ።»

አንጓች አፏጨች። ሽኮኮዎቹ ቆሙ፤ ሁሉም ጥርሱን አሳየ። ሜዳው በኮቴ ጭብጨባ ተናወጠ። የንስሩ አንገት ቀስ ብሎ ከአንዱ ሽኮኮ ወደ ሌላው ዞረ፤ ከዚያም ለንጉሡ እጅ ነሥቶ ተነሣና ወደ ሰማይ ወጣ። እንግዳው በጊዜ ሄዱ ተባለ። አንጓች ግን ዓይኗን አልነቀለችም፤ ወዴት እንደሄደ አየች። ፀሐይዋ ውስጥ ገባ።

አፏጨች። በዕድሜዋ እንደዚያ አፏጭታ አታውቅም። ሽኮኮዎቹ ቆሙ፤ ጥርሳቸውን አሳዩ። «ሩጡ! የእውነት ነው፣ ሩጡ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷን ጭብጨባው ዋጠው። ማንጠግቦሽ ከፊት መስመር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጥርሷን አሳይታ፣ ለእኅቷ ዓይኗን ጠቀሰች። ጥላው ሲወርድባትም አልሮጠችም፤ ቀናም አላለችም። ንስሩ አንሥቷት ሲሄድ ከሽኮኮዎቹ መካከል ገና ጥርሱን ያልሰበሰበ ነበር።

በሜዳው ላይ ምን እንደታየ ማንም አላወቀም ነበር። ከዚያ አንበሳው ሣቀና «ድገሙት!» አለ። ጭብጨባው ከመጀመሪያው ይልቅ በረታ።

በማግስቱ ቀበሮ ገደሉ ሥር ድረስ መጥቶ ኀዘኑን ገለጸ። እንግዳው በባህላችሁ እጅግ በመመሰጣቸው ስሜታቸውን መቆጣጠር እንዳቃታቸው አስረዳ፤ ለቤተሰቡም ጨው አስወረደ። አንጓች ያንን ጨው ከገደሉ አፋፍ ገፋችው። ከበታች የነበሩት ሽኮኮዎች ግን ወርደው ላሱት፤ ልትፈርድባቸውም አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ገደሉ ላይ መኖር ማለት መቃዠት ሆነ። ፉጨት ሲሰማ ግማሹ ይሮጣል፤ ግማሹ ይቆማል፤ ሌላው ደግሞ የእውነት መሆኑን ለማየት ቀና ይላል። ቀና ያለው ይወሰዳል። አንጓች ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ያፈጠጠች ቢሆንም የምታየው ነገር ለማንም አልጠቀመም። አንዳንዴ ከድንጋዩ ወርዳ ያለ ዓላማ ትንቆራጠጣለች፤ ተመልሳ ትወጣለች፤ እንደገና ትወርዳለች። አባ ወንድይፍራው መንጋውን ሰበሰቡ። አንጓች ተነሣች።

«ፉጨቱን ወስደውታል» አለች። «ከእግራችን ውስጥ አውጥተው ወስደውታል፤ አይመለስም። ዝምታችንን ግን አሳዩን ያለን የለም። ከዛሬ ጀምሮ ደኅና በሆነ ጊዜ አፏጫለሁ። ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ አፏጫለሁ፤ ሲደክመኝ ተረኛዋ ትቀበለኛለች። ፉጨቱን እየሰማችሁ ብሉ፣ ሙቁ፣ ልጆቻችሁን አጥቡ። ፉጨቱ የተቋረጠ ጊዜ ግን ሩጡ። እንደገና እስክትሰሙትም ከስንጥቁ አትውጡ።»

«ልጄ፣ ይህ እኮ አባቶቻችን ያላደረጉት ነው» አሉ አባ ወንድይፍራው።

«አባቶቻችን ጽሕፈት ቤት አልነበራቸውም፣ አባ።»

ሽማግሌው ቁልቁል ወደ ሜዳው አዩ። «የሜዳው መንጋስ? ሚዳቋዎቹ ዱሮ በፉጨታችን ልጆቻቸውን ይሸሽጉ ነበር። ለነሱ አንነግርም?»

«እኅቴ ስትወሰድ አጨበጨቡ» አለች አንጓች። «አልነግርም። የነገረም ጠላቴ ነው።» 

ጽሕፈት ቤቱ በደስታ ሰከረ። ሽኮኮዎቹ ማንም ሳያዛቸው ከጠዋት እስከ ማታ ያፏጫሉ! ቀበሮ በሸንጎ ፊት ቆሞ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከመቋቋሙ በፊት ሽኮኮዎች በዓመት ከስንት አንዴ ብቻ ያፏጩ እንደነበር፣ አሁን ግን ባህሉ ከመጥፋት ድኖ እንዳበበ አብራራ። ከሌላ ግዛት ልዑካን እየመጡ አዳመጡ። የሜዳው እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ፉጨት ማስተኛት ለመዱ። ከሽኮኮዎቹ መካከል ደግሞ ንስር የወሰደው አልነበረም፤ ይህን ግን በሸንጎ ያነሣው የለም።

በሚቀጥለው ዓመት የዘውዱ በዓል ወደ ገደሉ ሥር መጣ። ፉጨቱ ከነቦታው ይታይ ብሎ ቀበሮ ነበር ሐሳቡን ያቀረበው። መንጋው ሁሉ ከገደሉ በታች ተሰበሰበ። ሚዳቋዎች ግልገሎቻቸውን ከፊት አስቀመጡ፤ ቀበሮም ለመጀመሪያ ጊዜ ቡችሎቹን ይዞ መጣና ከሁሉ ፊት አስተኛቸው። ሽኮኮዎቹ በየድንጋያቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ አንጓች ከአናት ሆና ታፏጫለች።

ጥርጣሬዋን የቀሰቀሰው የንስሩ መቀመጫ ነበር። በንጉሡ ቀኝ የተዘጋጀው የእንግዳ ድንጋይ ባዶውን ቀርቷል። አንጓች እያፏጨች ዓይኗን ወደ ፀሐይ አቀናች። የመጣው ንስር አንድ ብቻ አልነበረም። የፀሐይዋ መካከል በክንፍ ጠቁሯል፤ የሰማይ መንግሥት በሙሉ የተጋበዘ ይመስል ነበር።

ፉጨቷን አቆመች። ከገደሉ ፊት ሽኮኮ የሚባል ጠፋ። እሷም ከስንጥቋ ገብታ ዞራ ወደ ታች አየች።

ከታች ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሚዳቋ ግልገሎች በሣሩ ላይ ተኝተዋል። አንበሳው ወደ ቀበሮ ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ቀበሮም ተነሥቶ ለታዳሚው አጭር ዕረፍት መሆኑን አስረዳ። ማበረታቻ ይሆናቸው ዘንድ ጥቂት ጭብጨባ ተሰማ። ከቡችሎቹ አንዱ እያዛጋ ቀና ብሎ ወደ ገደሉ አየ።

አንጓች ይህን ቀን ስትመኘው ነበር የከረመችው። አሁን ግን ከፊቷ የሚታያት ማንጠግቦሽ ሆነች፤ ጥርሷን አሳይታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ።  ከስንጥቁ አፍ ብቅ አለችና «ንስር! ልጆቹን አንሡ! ንስር መጣ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከገደሉ ግማሽ እንኳ አልወረደም። ቀበሮ የሚንቀሳቀስ አፏን አይቶ እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ።

«አልተሰማንም፣ ወይዘሮ አንጓች!» አለ እየሣቀ። «በፉጨት ያድርጉት!»

አንጓች ትንፋሿን ሳበች። ብታፏጭ ሜዳው ያጨበጭባል። ብታፏጭ ከኋላዋ፣ በየስንጥቁ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው መንጋዋ ሁሉ ደኅና ሆነ ብሎ ይወጣል። ሜዳው የሚያውቀው ሌላ ድምፅ አልነበራትም።

«ልጄ» አሉ አባ ወንድይፍራው ከጨለማው ውስጥ። «እንውጣ ወይ?»

አንጓች አፏን ዘጋች። ጥላዎቹ ሣሩን ነኩ፤ ሜዳው ፉጨቱ እስኪቀጥል በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር።